ለአንድ የኮምቦልቻ የመኪና ኤሌክትሪሻን ምስጋና፤ ስለ ሶሌኖይድም ጥቂት

ያረጀ የናፍጣ መኪና ይዛችሁ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ለምትመላለሱ ሁሉ፤ ይህን የምጽፈው አንድ ባለሙያ ላመሰግንና ልጠቁማችሁ ነው። ስሙ በአደባባይ እንዲጻፍ አልፈለገም፤ ፈቃዱን አከብራለሁ። ሥራው ግን ሊነገርለት ይገባል። ይህ ሰው መፍቻ ከማንሣቱ በፊት ይለካል፤ የለካውንም ለባለመኪናው ያሳያል። እኔ በአንድ ባለሙያ ላይ የምፈልገው ይህንኑ ነው።

መኪናዬ የቆየች ቶዮታ ፒክአፕ ናት። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ቁልፉን ሳዞር ከሞተሩ ጎን «ቀጭ» የሚል አንድ ድምፅ ይሰማና ጸጥ ይላል። ደጋግሜ ስሞክር ድንገት ትነሣለች፤ ከተነሣች በኋላ ደግሞ ምንም ያልነበረባት ትመስላለች። ደሴ ላይ ቁልቁለት ስለማይጠፋ አንደርድሮ ማስነሣት ይቻላል። ለዚህም ይመስለኛል ብዙ ሰው ይህን ችግር ለወራት ተሸክሞ የሚኖረው። ነገር ግን በጦሳ ተራራ ብርድ ማለዳ ተነሥቶ፣ ተማሪዎች ክፍል ውስጥ እየጠበቁ፣ ጎረቤትን «ግፉልኝ» እያሉ መለመን ያሳቅቃል። ያማከርኳቸው አንዳንዶች ባትሪ ግዛ አሉኝ። አንድ ጋራዥ ደግሞ ሳይፈታም ሳይለካም ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሣው ትንሽ ሞተር) በሙሉ ይቀየር ብሎ ዋጋ ቆረጠልኝ።

በመጨረሻ መኪናዋ ኮምቦልቻ፣ ሜዳ ላይ እምቢ አለች። በአካባቢው የነበሩ ልጆች ገፍተው ወደ እርሱ ጋራዥ አስገቡልኝ። የሆነውን ነገርኩት። «አብሽሩ መምህር፣ ቀጭ ካለ ግማሹ ሥራ ተሠርቷል ማለት ነው» አለኝ።

ከዚያ መሪው ጋ እንድቀመጥ፣ የፊት መብራቱን እንዳበራና ቁልፉን እንዳዞር ነገረኝ። ቀጭ አለ፤ መብራቱ ግን አልደበዘዘም። ባትሪው ደክሞ ቢሆን መብራቱ ይሞት ነበር። ሞተሪኖው ኃይል እየሳበ መዞር አቅቶትም ቢሆን እንዲሁ ይደበዝዝ ነበር። ስለዚህ ትልቁ ኮረንቲ ጭራሽ ጉዞ አልጀመረም። ቀጥሎ ቮልት የሚለካበትን ቴስተር አወጣ። ባትሪው ላይ 12.6 ቮልት አነበበ። ከቁልፉ ወደ ሞተሪኖው በሚመጣው ቀጭን ሽቦ ላይ፣ ቁልፉ ሲዞር 12 ቮልት ገደማ ደረሰ፤ ቁልፉና ሽቦው ደህና ናቸው። በመጨረሻ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች ሶሌኖይዱ (ሞተሪኖው ላይ ተገጥሞ ከባዱን ኮረንቲ የሚያገናኘው ዕቃ) ላይ ባሉት ሁለት ትልልቅ ቡሎኖች ላይ አሳረፈና «አሁን ያዙሩ» አለኝ። ቀጭ ሲል ቴስተሩ ያንኑ 12 ቮልት ማሳየቱን ቀጠለ። ሶሌኖይዱ ሥራውን ቢሠራ ኖሮ ሁለቱ ቡሎኖች በተገናኙ ቅጽበት ንባቡ ወደ ዜሮ መውረድ ነበረበት። በሽታው እንዲህ ታወቀ፤ አንድም ቡሎን አልተፈታም።

ይህን ጽሑፍ ለሚያነቡ ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ስለ ሶሌኖይድ ጥቂት ልበል። ሙያዬ ፊዚክስ ማስተማር ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

የዴንማርኩ ሃንስ ክርስቲያን ኧርስቴድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1820 ኮረንቲ የሚያልፍበት ሽቦ አጠገቡ ያለውን የኮምፓስ መርፌ እንደሚያዞር አየ። ኮረንቲ ባለበት ሁሉ ማግኔት አለ ማለት ነው። የአንድ ቀጥ ያለ ሽቦ ማግኔት ደካማ ነው፤ በሽቦው ዙሪያ ክብ ሠርቶ ይበተናል። ሽቦው በቱቦ ላይ ጥቅጥቅ ተደርጎ ሲጠመጠም ግን የእያንዳንዱ ዙር ማግኔት በቱቦው ውስጥ ወደ አንድ አቅጣጫ ይደመራል። ፈረንሳዊው አንድሬ ማሪ አምፔር እንዲህ ያለ ጥቅልል እንደ ዘንግ ማግኔት ሰሜንና ደቡብ ጫፍ እንደሚኖረው አሳየ። ሶሌኖይድ ማለት ይኸው ነው።

ጉልበቱ በሁለት ነገር ይወሰናል፦ በአንድ ሜትር ውስጥ ስንት ዙር እንደተጠመጠመና ስንት አምፔር እንደሚያልፍ። በሜትር 1000 ዙር ባለው ረጅም ጥቅልል 1 አምፔር ቢያልፍ በውስጡ 1.26 ሚሊቴስላ ያህል ማግኔት ይፈጠራል፤ ይህ በእኛ አገር ካለው የምድር ማግኔት 30 እጥፍ ይበልጣል። ውስጡ ብረት ሲገባበት ደግሞ ጉልበቱ በብዙ እጥፍ ያድጋል። እንግሊዛዊው ዊልያም ስተርጅን በ1825 ያሳየው ኤሌክትሮማግኔት 200 ግራም ገደማ እየመዘነ 4 ኪሎ ያህል ያነሣ ነበር።

አሁን ብረቱን ሳናስረው ቱቦው ውስጥ እንዲንሸራተት እንተወው። ኮረንቲ ሲመጣ ብረቱ ወደ ጥቅልሉ መሐል ይሳባል፤ ኮረንቲው ሲቋረጥ ሞላ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ተማሪዎቼ ሁልጊዜ የሚጠይቁት «ኮረንቲው ቢገለበጥ ብረቱን ይገፋዋል ወይ?» ነው። አይገፋም። የጥቅልሉ ማግኔት ሲገለበጥ ብረቱም አብሮ ስለሚገለበጥ አሁንም ይሳባል። ሞላው ያስፈለገውም ለዚህ ነው፤ ሶሌኖይድ መሳብ እንጂ መግፋት አያውቅም።

ሞተሪኖ ላይ ያለው ሶሌኖይድ በአንድ ጉዞ ሁለት ሥራ ይሠራል። ብረቱ ሲንቀሳቀስ የሞተሪኖውን ትንሽ ጥርስ ወደ ቮላኖው (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ትልቅ ጥርሳም ክብ) ጥርስ ያስገባል፤ በጉዞው መጨረሻ ደግሞ ጫፉ ላይ ያለው ክብ መዳብ ሁለቱን ትልልቅ ቡሎኖች ያገናኛል። በዚያ መገናኛ የሚያልፈው በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ነው። ይህን ሁሉ በቁልፉ ውስጥ ማሳለፍ ቁልፉን ያቃጥለዋል። ስለዚህ ቁልፉ ሶሌኖይዱን ብቻ ያዛል፤ ከባዱን ኮረንቲ ሶሌኖይዱ ይለቃል።

ኤሌክትሪሻኑ የባትሪውን ኔጋቲቭ አስቀድሞ አላቀቀ፤ ሞተሪኖውን አወረደና የሶሌኖይዱን ክዳን ከፈተ። ውስጡን ሳየው ነገሩ ግልጽ ነበር። ከባትሪው በኩል ያለው የመዳብ ኮንታክት (ክቡ መዳብ የሚያርፍበት መገናኛ) ተበልቶ ጠርዙ ብቻ ቀርቶለታል፤ የወዲያኛው በመጠኑ ተሽሏል። ክቡ መዳብ ፊቱ ጠቁሮ ጎድጉዷል። ሞተሩ በተነሣ ቁጥር በእነዚህ መዳቦች መካከል ብልጭታ አለ፤ ብልጭታው ከዓመት ዓመት ሲበላቸው ኖሯል። ቀጭ የሚለው ብረቱ በትክክል ሲጓዝ የሚሰማ ድምፅ ነው፤ ጉዞውን ጨርሶ ግን መዳብ ከመዳብ አልነካም። አንዳንዴ የምትነሣውም ክቡ መዳብ በአጋጣሚ ዞሮ ደህና ጎኑ ሲያርፍ ነው።

ከዚያ ስለ ሁለቱ ጥቅልሎች ነገረኝ፤ ይህን ደግሞ በየትኛውም የማስተምርበት መጽሐፍ አላገኘሁትም። በሞተሪኖ ሶሌኖይድ ውስጥ ያለው ጥቅልል አንድ አይደለም። አንዱ የሚስብ ነው፤ ብዙ ኮረንቲ ይወስዳል። ሌላው የሚይዝ ነው፤ በትንሹ ይበቃዋል። የቆመ መኪና ለማንቀሳቀስ ብዙ ሰው ይገፋል፤ መንከባለል ከጀመረ በኋላ አንድ ሰው ይበቃዋል። ብረቱም ሩቅ ሳለ ብርቱ ስበት ይፈልጋል፤ ከደረሰ በኋላ ግን ክፍተቱ ስለሚጠብብ በጥቂት ኮረንቲ ይያዛል። የሚደንቀው የሚስበው ጥቅልል ራሱን የሚያጠፋበት መንገድ ነው። አንዱ ጫፉ ከቁልፉ በሚመጣው ሽቦ፣ ሌላው ጫፉ በሞተሪኖው በኩል ባለው ቡሎን ላይ ታስሯል። ሁለቱ ቡሎኖች ሲገናኙ በሁለቱም ጫፎቹ እኩል የባትሪ ቮልት ያገኛል፤ ልዩነት ከሌለ ደግሞ ፍሰት የለም። ማንም ሳያዘው ሥራውን ጨርሶ ያርፋል። የሚይዘው ጥቅልል የተበጠሰ እንደሆነ ግን ብረቱ ይሳባል፣ ይለቃል፣ እንደገና ይሳባል፤ በፍጥነት «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» ይላል። የደከመ ባትሪም እንዲሁ ያስጮኸዋል። ለዚህ ነው በድምፅ ብቻ ከመፍረድ መለካት የሚሻለው።

ኮንታክቶቹን በብርጭቆ ወረቀት ጠርጎ እንዲመልሳቸው ብለምነው አልተስማማም። መዳቡ በተፋቀ ቁጥር ይሳሳል፤ የብረቱ ጉዞ ደግሞ የተለካ ስለሆነ ክፍተቱ ይሰፋል፣ ችግሩም ቶሎ ይመለሳል። ሁለት አዲስ ኮንታክትና ክብ መዳብ ያለው ብረት አስገባ። ከመግጠሙ በፊት ክቡ መዳብ በሁለቱም ኮንታክቶች ላይ እኩል ማረፉን በጥንቃቄ አየ። አንዱ ቀድሞ ከነካ ሌላው አይገናኝም፤ ልፋቱ በከንቱ ይቀራል። መኪናዋ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሣች። የከፈልኩት ሙሉ ሞተሪኖ ቢቀየር ከተጠየቅሁት ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። የተበሉትን ኮንታክቶችም ስጠይቀው ያለ ማቅማማት ሰጠኝ፤ አሁን ተማሪዎቼ በእጃቸው እየዳሰሱ ይማሩባቸዋል።

ስሰናበተው አንድ ነገር አሳየኝ። በናፍጣ ፓምፑ ላይ አንዲት ትንሽ ሶሌኖይድ አለች። ቁልፉ ሲከፈት ስባ የናፍጣውን መንገድ ትለቃለች፤ ሲዘጋ ሞላው መልሶ ይደፍናል፣ ሞተሩም ይጠፋል። ሞተሪኖው በደንብ እየዞረ መኪናው አልነሣ ካለ ከሚጠረጠሩት አንዷ እርሷ ናት። ሽቦዋን ነቀል አድርጎ ሲመልስ «ጠቅ» ካለች በሕይወት አለች። ቁልፉን ደግሞ በአንድ ጊዜ ከ10 ሰከንድ በላይ ይዤ እንዳልቆይና ሞተሪኖው እንዲያርፍ አደራ ብሎኛል።

ወንድሜ፣ ከልቤ አመሰግንሃለሁ። አላህ እጅህን ይባርከው፤ ልጆችህን ያሳድግልህ።

ባለ 12 ቮልቱንም፣ የከባድ መኪና ባለ 24 ቮልቱንም ይሠራል። አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ጠይቄው ፈቅዶልኛል። ሥራ ሲበዛበት ወረፋ ስለሚኖር ማለዳ መሄድ ይሻላል። ዓርብ ቀትር ላይ ለጁምዓ ይዘጋል፤ ከ8 ሰዓት በኋላ ታገኙታላችሁ።