በአራት ከተሞች መንገሥ፦ ሲቪላይዜሽን 5ን ለወራት ከተጫወትኩ በኋላ

ሲቪላይዜሽን 5 ተጫዋቹ አንድን አገር መርጦ ዙር በዙር የሚያሳድግበት፣ በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ የኮምፒውተር ጌም ስለሆነ ዛሬ ስለ እሱ መጻፍ የዘገየ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ፒያሳ በሚገኘው ቤቴ፣ በአሮጌ ላፕቶፕ ለወራት የተጫወትኩት ጥቂት ከተሞችን ብቻ መሥርቶ ለሚያሳድግ ተጫዋች ይህን ያህል የሚክስ ሌላ የስትራቴጂ ጌም ስላላገኘሁ ነው።

ምክንያቱ ከራሱ ከጨዋታው ሕግ ይመነጫል። አዲስ ከተማ በተቆረቆረ ቁጥር የሕዝቡ ደስታ ይቀንሳል፤ በመደበኛ ስፋት ካርታ ላይ ደግሞ የምርምር ወጪ በ5 በመቶ ይጨምራል። ስለዚህ ትራዲሽን የተባለውን የፖሊሲ ዘርፍ ይዞ በአራት ከተሞች መወሰኑ ያዋጣል፤ ዘርፉ ሲሟላ ለመጀመሪያዎቹ አራት ከተሞች የውኃ ቦይ በነፃ ይሰጣልና። የቦዩ ጥቅም በቀላሉ የሚታይ አይደለም። ከተማ አንድ ነዋሪ ሲጨምር የተጠራቀመው ምግብ ያልቃል፤ ቦይ ካለ ግን 40 በመቶው ለቀጣዩ ነዋሪ ይተርፋል።

እያንዳንዱ ነዋሪ በየዙሩ 2 ምግብ ስለሚበላ ዋናው ሥራ ትርፍ ምግብ ማግኘት ነው። የሥራ ምደባውን ለጌሙ ከመተው ይልቅ የከተማዋን ገጽ ከፍቶ ሰው ከማዕድን ማውጫ አንሥቶ ወደ ወንዝ ዳር እርሻ ማዛወር የዕድገቱን ፍጥነት ይለውጠዋል፤ በተለይ ሲቪል ሰርቪስ የተባለው ዕውቀት ከተገኘ በኋላ እንዲህ ያለው እርሻ 1 ምግብ ይጨምራል። በመርከብ የሚላክ ምግብ በየብስ ከሚላከው እጥፍ በመሆኑ፣ እኔ በኢትዮጵያ ስጫወት ዋና ከተማዬን አዲስ አበባን ሁልጊዜ የምቆረቁራት ባሕር ዳርቻ ላይ ነው! ከሌሎቹ የጌሙ ከተሞቼ ከሐረርና ከጎንደር የሚመጡት መርከቦችም እሷን ይቀልባሉ።

ኢትዮጵያ ለዚህ አጨዋወት የተፈጠረች ትመስላለች። ከእሷ የበለጠ ከተማ ካለው ጠላት ጋር ስትዋጋ ሠራዊቷ 20 በመቶ ብርታት ያገኛል፤ መሐል ሰፋሪ የተባለው ጦሯም ለዋና ከተማው በቀረበ መጠን ይበረታል። የብርታቱ ስያሜ ከዓድዋ መወሰዱ ተገቢ ቢሆንም በጌሙ የኢትዮጵያ መሪ ግን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው፤ ድሉ በ1888 ዓ.ም. ሲገኝ ገና አራት ዓመት አልሞላቸውም ነበር። የምኒልክ ሐውልት አጠገብ ለሚኖር ሰው ይህን ዝም ብሎ ማለፍ ይከብዳል።

ቅሬታዬ ትራዲሽን ከመጠን በላይ ማዋጣቱ ነው፤ ሌሎቹን የመነሻ ፖሊሲዎች የመምረጥ ፍላጎት ስለሚያጠፋ የጨዋታው መጀመሪያ ከጊዜ ብዛት አንድ ዓይነት ይሆናል። ወደ መጨረሻው ሲቃረብም ኮምፒውተሩ የሌሎችን አገሮች ተራ እስኪጨርስ መጠበቅ ያሰለቻል። መብራት ለሚቆራረጥበት ሰፈር ግን ጌሙ በየዙሩ ራሱን እንዲያስቀምጥ ማስተካከል ይቻላል።

መግዛት ለሚያስብ ሰው ሁለቱ ማስፋፊያዎች የሌሉበትን ቅጂ አልመክርም፦ ኢትዮጵያ የምትገኘው በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣው ጎድስ ኤንድ ኪንግስ ሲሆን፣ የንግድ መርከቦቹን ያመጣው ደግሞ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው ብሬቭ ኒው ወርልድ ነው።