ጊታር በድሬዳዋ ሌሊት፦ ሎድ ቦክስ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ድሬዳዋ ውስጥ መስኮት ዘግቶ ጊታር መቅዳት የማይታሰብ ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ጥቂት ከቆዩ ጣት በላብ ከክሩ ላይ ይንሸራተታል። መስኮቱ ከተከፈተ ደግሞ፣ በሙቀቱ ወራት ፍራሹን ግቢ አውጥቶ የሚተኛ ጎረቤት ሁሉ ሳይወድ አድማጭ ይሆናል። ከዚራ ሰፈር የምኖረውን እኔን ሎድ ቦክስ፣ ማለትም አምፕሊፋየር ያለ ስፒከር በጸጥታ እንዲሠራ የሚያደርግ ሣጥን፣ እንድገዛ ያደረገኝ ይኸው ነው። ከገዛሁት በኋላ ጎረቤታችን የሆኑት እናት «ልጄ፣ ጊታሩን ሸጥከው እንዴ?» ብለው ጠይቀውኛል። ከዚህ የበለጠ የምስክር ወረቀት አላውቅም።

አምፕሊፋየሬ ፌንደር ብሉዝ ጁኒየር ነው፤ 15 ዋት፣ ድምፁን የሚያጎሉት ሁለት ኢኤል84 ቲዩቦች (አምፖል መሰል የመስታወት ቱቦዎች) ናቸው። 15 ዋት ሲሉት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ያ ወፍራም፣ ጫፉ ሻከር ያለ ድምፅ የሚመጣው ቲዩቦቹ በደንብ ሲገፉ ነው፤ ያን ጊዜ ድምፁ አጥር ከተሻገረ ቆይቷል። ስፒከሩን ነቅሎ ዝም ብሎ መጫወትም አይቻልም። ቲዩብ አምፕሊፋየር ኃይሉን የሚቀበለው ነገር ካጣ የውጤት ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል። ሎድ ቦክሱ በስፒከሩ ቦታ ገብቶ ያንን ኃይል ይቀበልና ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፤ ጥቂቱን ብቻ ወስዶ ወደ ኦዲዮ ኢንተርፌስ፣ ድምፁን ኮምፒውተር ውስጥ ወደሚያስገባው መሣሪያ፣ ይልካል።

የእኔው ሪአክቲቭ የሚባለው ዓይነት ነው፤ 8 ኦም (የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ ነው)፣ እስከ 100 ዋት የሚችል። ርካሾቹ ውስጣቸው ሬዚስተር ብቻ ስለሆነ በሁሉም ድምፅ ላይ ያው 8 ኦም ናቸው። እውነተኛ ስፒከር ግን እንዲህ አይደለም፤ በወፍራሙ ድምፅ አካባቢ አንድ ቦታ ላይ ተቃውሞው ሽቅብ ይወጣል፣ ወደ ቀጭኑም ሲሄድ እንደገና ይጨምራል። አምፕሊፋየሩ ለዚህ መልስ ይሰጣል፣ ጣትም ይሰማዋል። ሪአክቲቩ ይህን ጠባይ በጥቅል ሽቦና በካፓሲተር ይኮርጃል። ልዩነቱ የሚገባኝ ባቲን በዝግታ ስጫወት ነው፦ ክሩን በአውራ ጣቴ ሥጋ ስነካው ድምፁ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል፣ በጥፍር ገፋ ሳደርገው ይሰነጠቃል። በጓደኛዬ ሬዚስተር ሣጥን ላይ ሁለቱም ወደ አንድ ይጠጋሉ።

ከሣጥኑ የሚወጣው ጥሬ ድምፅ ግን ለብቻው የሚደመጥ አይደለም፤ የንብ መንጋ ነው። የጊታር ስፒከር ከ5 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን አብዛኛውን ቆርጦ ስለሚያስቀር፣ ያንን ሥራ ኮምፒውተር ላይ ያለው የካቢኔት ኢምፐልስ ሪስፖንስ፣ ማለትም የእውነተኛ ስፒከርና የሣጥኑን ጠባይ የያዘ ፋይል፣ ይተካዋል። እኔ በ48 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ 48 ሺህ የድምፅ ናሙና)፣ ኮምፒውተሩ በአንዴ 128 ናሙና (ሳምፕል) እንዲያስተናግድ አድርጌ እቀዳለሁ። ይህ ቅንብር በራሱ የሚጨምረው መዘግየት 3 ሚሊሰከንድ እንኳን አይሞላም። ኢምፐልሶችን እያቀያየሩ ሌሊቱን መጨረስ ቀላል ስለሆነ ሁለት መርጬ ሌላውን አጥፍቻለሁ።

ሙቀቱ የድሬዳዋ ጉዳይ ነው። የሣጥኑ ክዳን ረዘም ካለ ቀረጻ በኋላ እጅ ያሞቃል፤ ስለዚህ ምንጣፍ ላይ ሳይሆን ባዶ ሊሾ ላይ፣ ዙሪያው ክፍት ሆኖ ይቀመጣል። ትንሿ ማራገቢያው አቧራ ትሰበስባለች፣ ስትቆሽሽም ትጮኻለች። በቀለም ብሩሽ አጸዳታለሁ። ከአምፕሊፋየሩ ወደ ሣጥኑ የሚሄደው ገመድ የስፒከር ገመድ መሆን አለበት። የጊታር ገመድ መልኩ ያው ቢሆንም ያን ያህል ኃይል ለመሸከም አልተሠራም፤ እንዳላምታታ የስፒከር ገመዴ ላይ ቀይ ፕላስተር ጠቅልዬበታለሁ።

መድረክ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። የደንገጎን ዳገት ወጥተን ሐረር ሰርግ ስንጫወት ማይክሮፎን አምፕሊፋየሩ ፊት መትከል ቀርቶልኛል፤ የሣጥኑ ድምፅ በዚያው ኢምፐልስ አልፎ ወደ ሚክሰር ይገባል፣ የከበሮው ድምፅም ከጊታሬ ጋር ተቀላቅሎ አይገባም። ድሬዳዋ የወለደችውን የዓሊ ቢራን ዜማዎች ስናነሳ ለድምፃዊው ቦታ መልቀቅ ግድ ነው፤ ለዚህ ተመችቶኛል። ሚክሰሩ ላይ እምም የሚል ድምፅ ሲመጣ የግራውንድ (የመሬት መስመር) ማቋረጫውን መጫን ብዙ ጊዜ ይበቃል። ሞኒተሩ (ለተጫዋቾቹ ድምፃቸውን የሚያሰማው ስፒከር) ደካማ በሆነበት አዳራሽ ግን ራሴን አልሰማም። ክሩ ከስፒከሩ አየር ጋር እየተጋገዘ የሚያረዝመው ያ ኖታም የለም፤ ይህን የሚተካ ሶፍትዌር እስካሁን አላገኘሁም።

ሣጥኑ ድምፁን 20 ዴሲቤል ቀንሶ ለስፒከር የሚያወጣበት ቀዳዳም አለው። ከ15 ዋቱ 0.15 ዋት ብቻ ይቀራል ማለት ነው፤ ለቤት ልምምድ ግሩም፣ ከከበሮ አጠገብ ከንቱ።

ለመግዛት የሚያስብ ሰው ሁለት ነገር ይወቅ። ጸጥታው ለጆሮ እንጂ ለቲዩቦቹ አይደለም፤ እነሱ ሙሉ ድምፅ እንደሚያወጡ ሆነው ይሠራሉ፣ ስለዚህ መለዋወጫ ጥንድ ከውጭ የሚያመጣ ዘመድ ይፈለግ። ሁለተኛ፣ የአምፕሊፋየሩ ጀርባ ይታይ። የእኔ ስፒከር በመሰኪያ ስለሚገባ ተነቅሎ ሣጥኑ ይተካል። በብዙ ትንንሽ አምፕሊፋየሮች ላይ ግን ሽቦው በቀጥታ የተበየደ ነው፤ እነሱ መጀመሪያ የሚፈልጉት ጎበዝ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ነው።