ለጥቁር ፊቴ ሰማያዊ ቀለም ለመረጠችልኝ የጅማ ባለሙያ ምስጋና

ባለፈው ሚያዝያ መጨረሻ ታናሽ እህቴን እዚሁ ጅማ ስንድር፣ ሙሽራዋን፣ እናታችንን፣ የሙሽራዋን የልብ ጓደኛና እኔን ያስዋበችንን የሜካፕ ባለሙያ በይፋ ለማመስገንና ሥራዋን ለማታውቁ ለመጠቆም ይህን ጽፌአለሁ። ብቻዋን ስለምትሠራና ጥሪ እንዳይበዛባት አደራ ስላለችኝ ስሟንም ስልኳንም እዚህ አላሰፈርኩም። ሄርማታ መርካቶ አካባቢ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ትሠራለች፤ የሚፈልጋት ሰው በውስጥ መስመር ቢጽፍልኝ እርሷን አስፈቅጄ አገናኛለሁ።

እውነቱን ለመናገር ወደ እርሷ የሄድኩት እየፈራሁ ነበር። እኔ ጥቁር ነኝ፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት በሌላ የዘመድ ሠርግ ላይ አንድ የውበት ሳሎን ከቆዳዬ በጣም የሚነጣ ፋውንዴሽን (ፊት ላይ በመጀመሪያ የሚቀባ፣ የቆዳ መልክ ያለው ቀለም) ቀብቶኝ፣ ፊቴ አመድ የተነፋበት መስሎ አንገቴ ብቻ የራሴ ሆኖ የተነሳሁት ፎቶ ዛሬም በአክስቴ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከዚያ ወዲህ ከቡናማ የከንፈር ቀለም አልፌ አላውቅም፤ ደማቅ ቀለም ለቀዮች ነው የሚባለውንም ሳልመረምር ተቀብዬ ኖሬአለሁ።

ይህች ባለሙያ ከሠርጉ አንድ ሳምንት ቀደም ብላ አራታችንንም ለሙከራ ጠራችን። መጀመሪያ የጠየቀችን የምንወደውን ቀለም ሳይሆን የምንለብሰውን ልብስና ፎቶ የምንነሳበትን ቦታ ነበር። ከዚያም አንድ በአንድ ወደ በሩ እያወጣች፣ ፋውንዴሽኑን በእጃችን ጀርባ ላይ ሳይሆን በመንጋጋችን ጠርዝ ላይ በቀጭኑ እያሰመረች፣ ከፊትም ከአንገትም ጋር ተዋህዶ የሚጠፋውን መረጠች። የክፍሏ አምፖል ቢጫ ስለሆነ እንደማታምነው ነገረችን። ከቀባች በኋላም ሩብ ሰዓት ያህል አስቀመጠችን፤ አንዳንዱ ፋውንዴሽን ከፊት ወዝና ከአየር ጋር ሲገናኝ ስለሚጠቁር፣ ወዲያው ሲቀባ ልክ የመሰለው ቆይቶ ሌላ ሆኖ ይገኛል።

ፌንቲ ቢውቲ የተባለው የመዋቢያ ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 በአንድ ጊዜ በ40 የተለያየ ቀለም የቀረበ ፋውንዴሽን ይዞ ሲመጣ ጥቁር ሴቶች ለምን እንደተደሰቱ የገባኝ ያን ቀን ነው። ወደ እኛ ገበያ ከዚህ ሁሉ የሚደርሰው ጥቂቱ ብቻ ስለሆነ፣ ባለሙያዋ ከሁለት ቱቦ እየጨመቀች በትንሽ ሳህን ላይ ታዋህዳለች። ለእኔ የተዋሃደውን መጠን በደብተር ጽፋ ይዛ በሠርጉ ዕለት ያንኑ ደገመችው።

አሁን ወደ ደማቁ ቀለም ልግባ። ከእርሷ የተማርኩት ዋና ነገር የማይሆን ቀለም እንደሌለና የሚለያየው የቀለሙ ጥላ እንደሆነ ነው። ቀይ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ወደ በርበሬ የሚያደላ ቀይ አለ፣ ወደ ቀይ ሥር የሚያደላ ቀይም አለ። እህቴ ብስል ቀይ ሆና ከቆዳዋ ሥር ቢጫነት ስለሚታይባት የበርበሬው አበራላት፤ የቀይ ሥሩን ስትሞክር ግን የታመመች መሰለች። እኔ ደግሞ ጥቁረቴ ውስጥ ሰማያዊ ጥላ ስላለ የቀይ ሥሩ ሰመረልኝ። ይህን ከቆዳ ሥር ያለ ጥላ ባለሙያዎቹ አንደርቶን ይሉታል። ብዙ ሰው በእጅ አንጓ ላይ ያለውን ደም ሥር አይቶ ለማወቅ ይሞክራል፤ በጠቆረ ቆዳ ላይ ደም ሥሩ በደንብ ስለማይለይ እርሷ ወርቅማና ብርማ ጨርቅ ከአገጫችን ሥር እያፈራረቀች የትኛው ፊታችንን እንደሚያበራ ተመለከተች።

ዓይኔ ላይ የቀባችው ደማቅ ሰማያዊ ነበር። «እህቴ፣ ውሃ ሰማያዊ ብቀባሽ ኖራ ይመስልብሻል» ስትል ምክንያቱን አስረዳችኝ፤ ፈዘዝ ያሉት ቀለሞች ነጭ ስለተቀላቀለባቸው በጥቁር ቆዳ ላይ አቧራ ይመስላሉ፣ ጥልቅ የሆኑት ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ወይን ጠጅ ግን ያለ ነጭ ስለሚመጡ እንደ ጌጥ ጎልተው ይታያሉ። ቀለሙ እንዲደምቅም አስቀድማ የዓይኔን ቆብ በኮንሲለር (ከፋውንዴሽን በወፈረ መሸፈኛ) ለበጠችው። ከዓይኔ ሥር ያለውን ሰማያዊ የመሰለ ጥቁረት ግን በቀጥታ በኮንሲለር አልሸፈነችውም፤ ሰማያዊነትን የሚያጠፋው ተቃራኒው ብርቱካናማ ስለሆነ፣ ለእኔ ወደ ቀይ የቀረበ ብርቱካናማ፣ ለእህቴ ደግሞ የኮክ ፍሬ የመሰለ ፈዛዛውን ከሥር አድርጋ ነው ኮንሲለሩን የደረበችው።

የሙሽራዋ ጓደኛ ጠይም ናት፣ ሂጃብም ትለብሳለች። ሻርፑ ፊትን ዙሪያውን ከብቦ ቀለሙን ስለሚያንጸባርቅ፣ በሠርጉ ዕለት የምትለብሰውን አረንጓዴ ሻርፕ ይዛ እንድትመጣ ቀድማ አሳስባት ነበር፤ አይሻዶዋንም (የዓይን ቆብ ቀለሟንም) ከዚያው አረንጓዴ ሁለት ደረጃ በጠቆረ መረጠችላት። ይህን ያህል ያሰበ ሰው ከዚህ በፊት አላጋጠመኝም። እናታችን ግን «በዚህ ዕድሜዬ ቀይ?» ብላ ስታመነታ፣ «እማማ፣ ካልወደዱት ወዲያው እጠርግልዎታለሁ» ብላ የሸክላ ቀለም ያለውን ከንፈሯ ላይ ቀባችላት። አልተጠረገም።

በሠርጉ ዕለት ከጠዋት ጀምሮ ዘነበ፤ መብራትም ለተወሰነ ጊዜ ጠፍቶ ስለነበር በመስኮት ብርሃን ሠራች። ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባለው ነጭ ማዕድን የበዛበት ፓውደር የካሜራውን ፍላሽ እየመለሰ ፊትን እንደሚያነጣው ስለምታውቅ የተጠቀመችው ቆዳችንን የመሰለውን ብቻ ነው። ሊፕስቲኩንም ከአንዱ ከንፈር ወደ ሌላው ሳታዘዋውር በብረት እየፋቀች በሳህን ላይ አውጥታ፣ በታጠበ ብሩሽ ቀባችን። ፎቶዎቹ ሲመጡ የአራታችንም ፊትና አንገት አንድ ነበር።

ቅሬታዬንም ልናገር፤ ሰው ሠራሽ ሽፋሽፍቱ ለእኔ በዝቶብኝ ነበር፣ ሥራዋም ቀስ ያለ ስለሆነ ወደ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ልናረፍድ ትንሽ ቀርቶን ነበር። ዋጋዋም ርካሽ አይደለም። ፊታችሁን እንድታቀላላችሁ ብትጠይቋት ግን አትቀበላችሁም፤ እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ የማመሰግናት በዚህ ነው። ቀጠሮ የምትፈልጉ ከሠርጉ ሁለት ሳምንት አስቀድማችሁ ጻፉልኝ፤ ስትሄዱም የምትለብሱትን ልብስና ሻርፕ ይዛችሁ፣ ፊታችሁን ታጥባችሁ፣ ምንም ሳትቀቡ ሂዱ።