ጎማው ላይ ያለው 17 በእኛ አቆጣጠር አይደለም

ተክለሃይማኖት አካባቢ ጎማ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ይቺን አንብቡልኝ። ከሱቁ ወጥቼ ምሳ እንኳ አልበላሁም። መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው።

ሱቆቹን ታውቋቸዋላችሁ። በር ላይ የተደረደረ ጎማ፣ ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት፣ ውስጥ ካልኩሌተር የያዘ ሰው። ገና መኪናውን ሳታቆሙ አንዱ ልጅ መስታወት ያንኳኳል። «እህቴ፣ ስንት ቁጥር ነው?» ዋጋ ስትጠይቁ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ትባላላችሁ። የተለመደ ነው። እኔ በደረሰኝ ነው የገዛሁት። ለቪትሴ 165/70 አር 14፣ አራት ጎማ፣ ከአንድ ወር ደሞዜ በላይ። ቦሎ ደርሷል፣ ክረምቱ እየገባ ነው፣ የድሮዎቹ ጎማዎች ጥርሳቸው አልቋል።

የገዛሁ ቀን የነበረውን መስተንግዶ ብታዩት! ወንበር ቀረበ፣ ውሃ መጣ። «ትኩስ ዕቃ ነው፣ ገና ከኮንቴይነር መውረዱ ነው» አለኝ ሻጩ። ጎማው ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ላዩ ላይ ገና ፀጉር ፀጉር ያለው። አሮጌዎቹን እነሱ አስቀሩ፤ ከዋጋው ላይ ትንሽ ቀነሱልኝ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን በዝናብ ከማዘጋጃ ቤት ቸርችልን ቁልቁል ስወርድ፣ ፍሬን ይዤ መኪናዋ ሄደችብኝ። ዝናቡ ነው አልኩ። ከኋላዬ የነበረው ታክሲ ለጥቂት ነው የሳተኝ። ሹፌሩም በመስኮት አንገቱን አውጥቶ እኔኑ ሰደበኝ።

ጉዱ የወጣው ዛሬ ጠዋት ነው። አንዱን ጎማ ምስማር ወግቶት ጎሚስታዬ ጋ ወሰድኳት። ካዛንቺስ ሳይፈርስ ጀምሮ የማውቃቸው ሰው ናቸው። በክሪክ አነሷት፣ ጎማውን ፈቱት፣ ገለበጡት። ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ «ልጄ፣ ይሄን አዲስ ነው ብለው ነው የሸጡልሽ?» አሉኝ።

የጎማው ጎን ላይ ዲኦቲ (DOT) ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ የሚመጣ ረጅም ቁጥር አለ። የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች የተመረተበትን ጊዜ ይናገራሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ ዓመቱን። የኔው 3817 ይላል። በፈረንጆቹ 2017፣ 38ኛው ሳምንት። ወደ እኛ ስትመልሱት መስከረም 2010፣ መስቀል ሊደርስ ሲል።

ሌሎቹንም አስፈታኋቸው። ሁሉም ያው ነው። ሁሉም ደግሞ ቁጥሩ ወደ ውስጥ ዞሮ ነው የተገጠመው። ቀኑ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጎን ብቻ ነው የሚታተመው። ያንን ጎን ወደ መኪናዋ ሆድ ካዞሩት መሬት ላይ ተኝታችሁ ካልሆነ አታዩትም። አንዱ ቢሆን አጋጣሚ ነው እላለሁ። አራቱም?

ጎማ ሳይነዳም ያረጃል። ሙቀት፣ ፀሐይና አየር ያደርቁታል። ላስቲኩ ይጠነክራል፣ እርጥብ አስፋልት መያዝ ያቅተዋል፣ ጎኑ ይሰነጠቃል። ጥርሱ ሙሉ ነው ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም። ብዙ አምራቾች 5 ዓመት ካለፈው በየዓመቱ አስመርምሩት፣ 10 ከሞላው ጥርስ ቢኖረውም ጣሉት ይላሉ። የኔ «ትኩስ ዕቃ» ከሱቅ ሲወጣ 8 ዓመት አልፎታል።

ወዲያው ሱቁ ሄድኩ። ሻጩ በር ላይ ቆሞ ማኪያቶ ይጠጣል። አወቀኝ፤ ግን እንዳላወቀ ሆነ። የዛሬውስ ወንበርም አልቀረበ። በስልኬ ያነሳሁትን የቁጥሩን ፎቶ አሳይቼ «3817 ምን ማለት ነው?» አልኩት።

ስልኬን ተቀበለኝ። ፎቶውን በሁለት ጣቱ አሰፋው። አላፈረም፣ አልደነገጠም።

«አዎ፣ 17። የ2017 ምርት ነው፤ አምና ማለት ነው።»

«በፈረንጅ ነው እኮ!»

«በእኛ ነው። 38 ደግሞ ሳምንቱ ነው። ከመስከረም ስትቆጥሪ ግንቦት ላይ ያርፋል። አምና ግንቦት የተሠራ ጎማ አሮጌ ነው?»

«ቻይና ውስጥ ከመስከረም የሚቆጥር ፋብሪካ አለ?»

«ዕቃው የሚመጣው ለኢትዮጵያ ነዋ፣ እህቴ!»

ልጆቹ ሳቁ። ካልኩሌተር የያዘው ሳይቀር ሳቀ።

ልብ አድርጉልኝ። 38ኛው ሳምንት በእኛ ግንቦት መሆኑን እኔ አሁን መኪና ውስጥ ሆኜ በጣቴ ቆጥሬ ነው ያረጋገጥኩት። እሱ ግን ማኪያቶውን ሳያስቀምጥ ነው የነገረኝ። ሒሳቡ ቀድሞ ተሠርቶ ተቀምጧል ማለት ነው። ከኔ በፊት ይህንኑ መልስ ሰምቶ «ይቅርታ፣ አላወቅኩም ነበር» ብሎ የወጣ ስንት ሰው ይኖራል? ውሸቱ ደግሞ ለማመን ይመቻል። ደሞዛችንም ኪራያችንም በእኛ ቀን ነው የሚቆጠረው። 17 ሲባል ጭንቅላታችን የሚሄደው አምና ላይ ነው።

በዚህ መሃል ባለቤቱ መጣ። እኔን አላናገረኝም። ሻጩን «ምን ትላለች?» አለው፤ እኔ እዚያው ቆሜ! ከዚያ ዞር ብሎ «ባለቤትሽ ቢመጣ ጥሩ ነበር፣ እናስረዳው ነበር» አለኝ። መኪናዋ የኔ ናት። ሊብሬው በስሜ ነው። ባል ይዤ ብመጣ ጎማው ስንት ዓመት ይቀንስ ነበር?

የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ አለ፣ ቁጥር 813/2006፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ይችላል አልኩት። በአገጩ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አሳየኝ። ደረሰኙን አወጣሁ። «ጎማ 4» ነው የሚለው። ስሙ የለ፣ ቁጥሩ የለ። «ይሄኛው ከኛ መገዛቱን በምን እናውቃለን?» አለ።

ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ያዘነልኝ መሰለ። «እሺ፣ እንዳትጎጂ በግማሽ ዋጋ እንረከብሻለን።» አምና የተሠራ ጎማ ከሆነ ለምን በግማሽ? ጠየቅኩት። ስልኩን አውጥቶ መነካካት ጀመረ። እኔ በግማሽ ዋጋ ብሰጠው ነገ አብረቅርቆ ለሌላ ሰው ትኩስ ዕቃ ብሎ ነው የሚሸጠው። ትቼው ወጣሁ። ያስቀሩት አሮጌ ጎማዬ ራሱ ከነዚህ በዕድሜ ያንስ እንደሆነ ማን ያውቃል!

የሱቁን ስም አልጽፍም። ስም አጠፋች ብለው እኔኑ ለመክሰስ አያፍሩም።

ለማንኛውም፣ ጎማው ቸርኬ ላይ ከመውጣቱ በፊት የአራቱንም ቁጥር ራሳችሁ አንብቡ። ሲገጠም ቁጥሩ ወደ ውጭ ይሁን በሉ። ደረሰኙ ላይ የጎማውን ስምና አራቱን አሃዞች አስጽፉ። እምቢ ካሉ ሂዱ፤ ተክለሃይማኖት ላይ የጎማ ሱቅ አይጠፋም።