ወፍራም ግድግዳ ላለው ቤት የቱ ይሻላል? ሪፒተር፣ ሜሽ ወይስ ኬብል

የእናቴ ቤት የድሮ የድንጋይ ቤት ነው። የግድግዳው ውፍረት መስኮቱ ላይ ሲለካ አንድ ክንድ ይሞላል። ራውተሩ ሳሎን ነው ያለው። እሷ ደግሞ ማታ መኝታ ቤቷ ሆና ነው ከእህቴ ጋር በቪዲዮ የምታወራው፤ ምስሉ ይቆማል፣ ድምፁ ይቆራረጣል።

መጀመሪያ የገዛሁት ሪፒተር ነበር። መኝታ ቤቷ ያለው ሶኬት ላይ ሰካሁት። ስልኳ ላይ የዋይፋይ ምልክቱ ሙሉ ሆነ፤ ጥሪው ግን እንደ በፊቱ ተቆራረጠ። ሪፒተር የራሱ ኢንተርኔት የለውም፣ ከራውተሩ የሚደርሰውን ነው የሚደግመው። ደካማ ከደረሰው ደካማውን ይደግማል። ስልኩ ላይ የምታዩት ምልክት ደግሞ ከስልኩ እስከ ሪፒተሩ ያለውን ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ከሪፒተሩ ወዲያ ያለውን አይነግራችሁም። በኋላ ኮሪደሩ ላይ፣ ከሳሎኑ በር ትይዩ ስሰካው ተሻለ። የሳሎኑ በር ሲዘጋ ግን ተመልሶ ይዳከም ነበር።

ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ሁለት ነገር ሞክሩ። አንደኛ፣ ራውተሩ አጠገብ ቆማችሁ ፍጥነቱን ለኩ። እዚያም ቀርፋፋ ከሆነ ችግሩ ግድግዳው አይደለም፣ የትኛውም ዕቃ አይፈታላችሁም። ሁለተኛ፣ ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ወይም ከብረት ቁም ሳጥን አጠገብ አንሱና በር ወደሚያይበት ከፍ ያለ ቦታ ውሰዱት። ድንጋይና ፌሮ ያለበት ኮንክሪት ሞገዱን ክፉኛ ያዳክሙታል፤ በክፍት በር ግን በቀላሉ ያልፋል። ራውተራችሁ ሁለት ባንድ (ዋይፋይ የሚላክበት የሞገድ መስመር) ካለው፣ ለሩቁ ክፍል 2.4 ጊጋኸርዙን ተጠቀሙ። 5 ጊጋኸርዙ ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ ላይ ቶሎ ይደክማል። 2.4 ላይ እርስ በርስ የማይደራረቡት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ስለሆኑ ጎረቤት የበዛበት ሰፈር ከሦስቱ ብዙ ሰው የሌለበትን መምረጥ ይጠቅማል።

ይህ ካልበቃ ወደ ግዢው እንሂድ።

ሪፒተር ርካሽ ነው፣ ለመትከልም ሽቦ አይፈልግም። አንድ ክፍል ብቻ ካስቸገራችሁና መሃል ላይ ጥሩ ሲግናል የሚደርስበት ሶኬት ካለ ይበቃችኋል። ነገር ግን አንድ ባንድ ብቻ ያለው ሪፒተር የሚቀበለውም የሚያስተላልፈውም በዚያው ሬዲዮ ስለሆነ ፍጥነቱ በግማሽ ገደማ ይወርዳል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው 300 ሜጋቢት አያታላችሁ፤ ሁለት ባንድ ያለውን ምረጡ።

ሜሽ ማለት በየክፍሉ የሚቀመጡ፣ እንደ አንድ ዋይፋይ አብረው የሚሠሩ ሳጥኖች ናቸው፤ ዋጋው ከፍ ይላል። ጥቅሙ ቤቱ በሙሉ በአንድ ስም መሸፈኑ ነው፤ ከሳሎን ወደ ጓዳ ስትሄዱ ስልኩ ራሱ ወደሚቀርበው ይሸጋገራል። ግን ሻጮች ብዙ ጊዜ የማይናገሩት አለ፦ ሜሽም በአየር እስከተያያዘ ድረስ ያንኑ ግድግዳ ማለፍ አለበት። ብሎኬት ቤት ላይ ጥሩ ይሠራል፤ በድንጋይ ቤትና በሶሌታ በተለያዩ ፎቆች መካከል ግን ብዙ ገንዘብ አውጥታችሁ ልታዝኑ ትችላላችሁ። የኬብል ቀዳዳ ያለውን ግዙ። እንደ ቲፒ ሊንክ ዲኮ ያሉት እርስ በርስ በኬብልም ይያያዛሉ፤ ያኔ ግድግዳው ምንም አያደርጋቸውም።

የኔ ምርጫ ኬብልና አክሰስ ፖይንት (ኢንተርኔቱን በኬብል ተቀብሎ ዋይፋይ የሚያሰራጭ ዕቃ) ነው። በእናቴ ቤት መጨረሻ ላይ የሠራው እሱ ነው። የድሮ የስልክ ገመድ የገባበት ቀዳዳ መስኮቱ ጥግ ላይ ስለነበረ ግድግዳ እንኳ አልበሳንም። አክሰስ ፖይንት አዲስ መግዛትም ላያስፈልግ ይችላል፤ ያረጀ ራውተር ካላችሁ ሴቲንጉ ውስጥ ገብታችሁ ለስልኮች አድራሻ የሚያድለውን ዲኤችሲፒ አጥፉ፣ ከዋናው የተለየ አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) ስጡት፣ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ከዋናው ጋር አንድ አድርጉና ኬብሉን ላን የሚለው ቀዳዳ ላይ ሰኩት። ዋን የሚለው ላይ እንዳይሆን።

ኬብሉን ስትገዙ ግን ዓይናችሁን ክፈቱ። የአንዷን ቀጭን ሽቦ ጫፍ በምላጭ ፋቅ አድርጉ፤ ውስጧም ቀይ ከሆነ ንጹሕ መዳብ ነው፣ ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየሙ ቶሎ ይሰበራል፣ በርቀትም ይደክማል። ካት 5ኢ የሚባለው የኬብል ዓይነት ለቤት ይበቃል፤ እስከ 100 ሜትር ድረስ ይሄዳል፣ ግቢው ጀርባ ላሉት ሰርቪሶችም ይተርፋል። ወደ ሰርቪስ የሚሄደውን በአየር ከመዘርጋት በቱቦ አድርጎ መቅበር ይሻላል፤ በክረምት መብረቅ በኬብሉ ገብቶ ሁለቱንም ጫፍ ሊያቃጥል ይችላል።

በመብራት መስመር ላይ ኢንተርኔት የሚያሳልፉት ፓወርላይን የሚባሉትስ? ባለ ሦስት ፌዝ ቤት ከሆነና ሁለቱ ሶኬቶች የተለያየ ፌዝ ላይ ከወደቁ አንዳንዴ ጭራሽ አይገናኙም። ዲቫይደር ላይም አይሰኩም፣ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ነው። መመለስ የሚቻል ካልሆነ አልመክርም።

መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ለምትኖሩ ይህም ይታሰብ። ሪፒተርና ሜሽ በየክፍሉ የየራሳቸው መብራት ይፈልጋሉ፤ ራውተሩን ብቻ በዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ብታቆዩት መኝታ ቤት ያለው ይጠፋል። ፒኦኢ የሚባለውን የሚቀበል አክሰስ ፖይንት ከገዛችሁ ግን ኤሌክትሪኩ በዚያው ኬብል ስለሚሄድ፣ ኤሌክትሪኩን ኬብሉ ውስጥ የሚያስገባውንም ዕቃ ዩፒኤሱ ላይ ከሰካችሁት፣ ሳሎን ያለው አንድ ዩፒኤስ ሁለቱንም ያቆያል።

የኪራይ ቤት ሆኖ አከራዩ መብሳት ከከለከለ ባለ ኬብል ቀዳዳውን ሜሽ ውሰዱ፤ ቤት ስትቀይሩ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። የራሳችሁ ቤት ከሆነ ኬብሉን አስቀድሙ። ርዝመቱን ስትለኩ በበሩና በጣሪያው ጥግ የሚዞረውን ጨምሩበት፤ እኔ በቀጥታ ለክቼ ሁለት ሜትር ጎድሎኝ እንደገና ገዝቻለሁ።