ለነገ የሳይንስ መምህራን የተዘጋጀ የቤተ ሙከራ ምርምር ሥልጠና፦ አንድ የድሬዳዋ ሠልጣኝ አስተያየት

በክረምቱ ዕረፍት በድሬዳዋ ለኬሚስትሪና ለባዮሎጂ ዕጩ መምህራን በተሰጠው የአሥር ቀን የቤተ ሙከራ ምርምር ሥልጠና ተሳትፌያለሁ። ለመመዝገብ የሚያመነቱ ባልንጀሮቼ ስላሉ ያየሁትን እጽፋለሁ።

በኮሌጅ የለመድነው የቤተ ሙከራ ሥራ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ በመሆኑ፣ ውጤቱ ከመጽሐፉ ጋር ካልገጠመ ቁጥሩን አስማምቶ ማስረከብ ብዙዎቻችን የፈጸምነው ጥፋት ነው። እዚህ ግን በመጀመሪያው ቀን የቀረበልንን ጥያቄ መልስ አሠልጣኞቹም አያውቁትም ነበር፦ በሻይ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት የሚበረታው በየትኛው ሰፈር ውኃ ነው? የከተማዋ የከርሰ ምድር ውኃ ካልሲየም እንደሚበዛበት ነዋሪው ሁሉ በየቤቱ ያየዋል፤ ለክቶ መናገር ግን ሌላ ሥራ ነው።

ከከዚራ፣ ከመጋላና ከሳቢያን ቧንቧዎች ናሙና ቀድተን፣ ከእያንዳንዱ 50 ሚሊ ሊትር ወስደን ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን) በአሞኒያ ባፈር፣ ማለትም ፒኤቹ እንዳይዋዥቅ በሚጠብቅ ፈሳሽ፣ ወደ 10 ካደረስን በኋላ፣ ኢሪዮክሮም ብላክ ቲ የተባለውን ቀለም ለዋጭ አመልካች ጠብ አድርገን ከወይን ጠጅ ቀይ ወደ ሰማያዊ እስኪለወጥ ድረስ ካልሲየምን በሚይዘው በ0.01 ሞላር የኢዲቲኤ ፈሳሽ ታይትሬት አደረግን፤ ማለትም ፈሳሹን ከቡሬት (መስመር ከተሠመረበት የመለኪያ ቱቦ) ጠብ ጠብ እያደረግን የፈሰሰውን መጠን አነበብን። በዚህ አሠራር አንድ ሚሊ ሊትር ኢዲቲኤ በሊትር 20 ሚሊ ግራም ካልሲየም ካርቦኔት (የዚያ ነጭ ቅርፊት ዋና ንጥረ ነገር) ስለሚያመለክት፣ የግማሽ ሚሊ ሊትር የንባብ ስሕተት ውጤቱን በ10 ሚሊ ግራም ያዛባል። የቡድናችን ሦስት ንባቦች አልተስማሙም። አሠልጣኛችን ምክንያቱን ሳትነግረን ቡሬቱን ከላይ እስከ ታች እንድንመረምር ብቻ አዘዘችን፤ ከግማሽ ቀን ድካም በኋላ በቡሬቱ አፍ ላይ የረሳነው ፈነል ጠብታ እየጨመረ ንባቡን ሲያሳንስብን እንደነበር ደረስንበት። ለእኔ ከሥልጠናው ሁሉ የሚበልጠው ያ ግማሽ ቀን ነው።

የባዮሎጂ ሠልጣኞች ደግሞ በውኃ ማጠራቀሚያ በርሜሎችና ታንከሮች ውስጥ የትንኝ እጭ ፈልገዋል። በ2022 እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በከተማዋ ከተነሣው የወባ ወረርሽኝ ጋር የተያያዘችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች ትንኝ በእንዲህ ያለ ቦታ ስለምትራባ፣ ምርጫው ተገቢ ነበር።

ጉድለቶቹ ቀላል አይደሉም። ለአራት ሰው አንድ ቡሬት በመድረሱ ከመጻፍ በቀር እጃቸው ዕቃ ያልነካ ሠልጣኞች ነበሩ። የጭስ ማውጫ ባልነበረው ክፍል፣ በድሬዳዋ ሙቀት፣ ክዳኑ ተከፍቶ የሚውለው ባፈር አሞኒያው እየተነነ ስለሚደክም የቀለሙ ለውጥ ከሰዓት በኋላ ይደበዝዝብን ነበር፤ ከዓይናችንና ከጉሮሯችንም አልራቀም። ዘገባ መጻፊያ የተሰጠን አንድ ከሰዓት ብቻ ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን፣ አብዛኞቻችን የምንመደበው ቡሬት በሌለባቸው ትምህርት ቤቶች ሆኖ ሳለ፣ ይህንኑ ምርመራ በሳሙና አረፋና መርፌ በሌለው ሲሪንጅ እንዴት ማሠራት እንደሚቻል አንድም ሰዓት አለመመደቡ ነው።

ይህም ሆኖ በሦስተኛ ዓመት ላይ ያላችሁ ተመዝገቡ እላለሁ። የራሳችሁን ጓንት፣ የዓይን መከላከያ መነጽርና ገጹ የማይገነጠል ደብተር ይዛችሁ ሂዱ፤ ቡሬቱን መጀመሪያ የሚይዘው ማን እንደሆነ ደግሞ በመጀመሪያው ጠዋት ከቡድናችሁ ጋር ተነጋገሩ።