የኪስ ኦቶስኮፕ ለጉንፋን ምርመራ፦ ነገሩ ብርሃኑ ላይ ነው

ርካሹ የኪስ ኦቶስኮፕ (የጆሮን ውስጥ ማያ ባለ ብርሃን መሣሪያ) ጉንፋን የያዘውን ሰው አፍንጫና ጆሮ ለማየት ይበቃል፤ ብርሃኑ ግን ያሳስታል። ወደ ሰማያዊ ያደላ ኤልኢዲ ቅላትን ያደበዝዛል። ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም፤ ጉንፋን የአፍንጫን የውስጥ ሽፋን ያቀላዋል፣ ያሳብጠዋል፤ አለርጂ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያገረጣዋል። ስለዚህ ሞቅ ያለ ነጭ ብርሃን ያለውን ይምረጡ።

ለአፍንጫ ሰፊው ጫፍ ይሻላል፤ የመሃሉን ግድግዳ ከነኩት ያማል፣ ሊደማም ይችላል። ለጆሮ ባለ 4 ሚሊሜትሩ ለአዋቂ፣ ባለ 2.5ቱ ለሕፃን ነው። የአዋቂን ጆሮ ወደ ላይና ወደ ኋላ፣ የሕፃንን ወደ ታችና ወደ ኋላ ሳብ ያድርጉ፤ አለዚያ የሚታየው የቦዩ ግድግዳ ብቻ ነው። ሕፃን ሲያለቅስ የጆሮው ታምቡር ስለሚቀላ፣ ቅላት ብቻውን የመሃል ጆሮ ኢንፌክሽን አያሰኝም፤ ታምቡሩ ወደ ውጭ መወጠሩን ይመልከቱ። አየር መንፊያ የማይገጠምለት ሞዴል የታምቡሩን እንቅስቃሴ ስለማያሳይ ለልጆች ሐኪም አይመከርም።

ለጉሮሮ ተራ የእጅ ባትሪ ይበልጠዋል። ንፍጡ ቢጫ ሆኖ ቢታይም፣ ቀለሙ ብቻ ባክቴሪያን አያመለክትም።